ካንሰር ተጠርጥሮ ጎንደር ስትመጡ፦ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ ክትትሉ

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ታካሚው ነው። ሌላው ፋይሉን በፌስታል ይዞ ከኋላ የሚከተለው ልጅ፣ ወንድም ወይም ሚስት ነው። ከደባርቅም ኑ ከቆላ ድባ፣ ከመተማም ሆነ ከዚሁ ከአዘዞ፣ ጎንደር ሆስፒታል ከገባችሁ በኋላ የሚያደናግራችሁ ነገር አንድ ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን ይታዘዛል? መድኃኒቱስ ለምን ዛሬውኑ አይጀመርም? የካንሰር ሐኪም በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ካወቃችሁ ድካሙ ይቀላል። የምጽፈው ስለ አዋቂዎች ነው። የሕፃናት ነገር ሌላ ክፍል፣ ሌላ አካሄድ አለው።

1. ወረቀቱን አደራጁ

ከጤና ጣቢያው ወይም ከወረዳው ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ ይህ ወረቀት ገንዘብ ማለት ነው። መድኅኑ የሚሸፍነው ደረጃውን ጠብቆ ለመጣ ሰው ስለሆነ፣ በቀጥታ ከመጣችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ደብተሩ ለዘንድሮ መታደሱንም ከቤት ሳትወጡ እዩ።

ክላሰር ግዙ። የድሮውን ራጅ፣ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የላብራቶሪ ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ በቀን በቀኑ ይግባ። እያንዳንዱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ክላሰር ባጃጅ ላይ ይረሳል። የሚዋጥ መድኃኒት ካለ ከነእሽጉ ይምጣ። "ነጭ ክኒን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ነው የምትውጠው" ከተባለ ሐኪሙ ምንም አያገኝበትም።

ስም አንድ ይሁን። በመታወቂያ አንድ ስም፣ በቤት ሌላ ስም፣ በክርስትና ሦስተኛ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈውና ለምርመራ ከሰውነት በሚወሰደው ናሙና ላይ የተጻፈው ካልተመሳሰሉ ውጤቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት ሳምንታት ይሄዳሉ።

2. ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሩት

"ካንሰር ነው ተብለን ነው የመጣነው" ስትሉ ሐኪሙ ወዲያው አያምናችሁም። ሥራው ነው። በእኛ አካባቢ ካንሰር የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ። አንገት ላይ ያበጠ እጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ መክሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የደም ማነስ አንድ ላይ ሲመጡ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ሊሆን ይችላል። በተለይ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ ጎልማሳ ከሆነ ካላዛርን ሳያጣሩ ማለፍ አይቻልም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለካላዛር የራሱ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያለውም በሽታው እዚህ ስለበዛ ነው። ስለዚህ የት ሠርታችሁ እንደነበር ስትጠየቁ ነገሩን እንደ ወሬ አትዩት።

ተቃራኒውም አለ። የቲቢ መድኃኒት ለወራት ወስዶ እጢው እያደገ የሄደበት ሰው የሊምፍ ካንሰር ሊሆንበት ይችላል። የቲቢ ሕክምና ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ።

አንድ ነገር ለአስታማሚዎች። እናታችሁን ይዛችሁ ከገባችሁ፣ ሐኪሙ መጠየቅ ሲጀምር "እማዬ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅ" በሉና ውጡ። የወር አበባ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም እንደፈሰሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ እንዳስቸገራት በልጇ ፊት የምትናገር እናት የለችም። የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ከጡት ካንሰር ጋር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ወንዶችም እንዲሁ ናቸው። ሰገራ ላይ ደም አይቶ ኪንታሮት ነው እያለ ስንት ወር የሚያልፈው አለ።

3. ናሙናውን አትፍሩት

"ቢላ ከነካው ይዛመታል" የሚለው አባባል እዚህ ብዙ ሰው ጎድቷል። ናሙና መውሰድ ካንሰርን ቀስቅሶ በሰውነት አይበትነውም። ታካሚው ከናሙናው በኋላ ሲብስበት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞም ዘግይቶ ስለመጣ ነው። ያለ ናሙና ውጤት ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) የሚጀምር ሐኪም ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት። አስቸኳይና የተለየ ሁኔታ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይደረግም።

አንዳንዴ መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ይወሰድና ፈጣን ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ ግን ብዙ ጊዜ ከሥጋው ራሱ ትንሽ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ዓይነቱን በትክክል የሚለየው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ተወሰደ ብላችሁ አትበሳጩ።

ናሙናውን ወደ ሌላ ላብራቶሪ አድርሱ ከተባላችሁ አምስት ነገር እዩ። ናሙናው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። አልኮልም ውኃም ፎርማሊንን አይተኩም። እቃው ላይ ሙሉ ስም፣ ቀንና ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተወሰደ ይጻፍ። ክዳኑ ይጥበቅ። በረዶ ቤት አይግባ። በዚያው ቀን አድርሱት፤ ዘመድ ቤት አሳድራችሁ "ነገ እግረ መንገዴን" አትበሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ብቻ አትውሰዱ። ላብራቶሪው ናሙናውን በሰም ውስጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ብሎክ ይሉታል። ለጡት ካንሰር ከዚያው ብሎክ ላይ የሆርሞን ተቀባይና ኸር-ቱ የሚባሉ ተጨማሪ ምርመራዎች ይሠራሉ። የሚሰጠው መድኃኒት የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ብሎኩ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚወሰድ ጠይቁ።

4. ለታካሚው ይነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሕክምናን መሀል መንገድ ላይ ከሚያስቆሙት ነገሮች አንዱ ከታካሚው መደበቅ ነውና።

ልማዳችን ይታወቃል። መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ የቅርብ ሰው ከጎን ይቀመጣል። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ችግሩ ካንሰርን ከመርዶ ጋር አንድ ማድረጋችን ነው። ልጁ ኮሪደር ላይ ቀድሞ ይመጣና "ዶክተር፣ በሞቴ፣ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ፣ ይደነግጥብኛል" ይላል። ከፍቅር ነው የሚለው። ግን ቀጥሎ የሚሆነውን እንየው። አባት "የጨጓራ ቁስለት ነው" ተብለዋል። ለጨጓራ ቁስለት ፀጉር የሚያረግፍ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ለምን እንደሚሰጣቸው አይገባቸውም። ሁለተኛው ዙር ላይ "ይሄ መድኃኒት ነው የገደለኝ፣ ይቅርብኝ" ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በተነገራቸው መሠረት ከሄድን መቋረጥ ነበረበት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እዚህ ደግሞ የደበቀው ሌላ ሰው ነው፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ ሰው።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ያውቃሉ። የተኙበት ክፍል በር ላይ ተጽፏል፣ ጎናቸው ያለው ታካሚ ነግሯቸዋል። ዝም የሚሉት እናንተን ላለማስጨነቅ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ይደባበቃል።

ጥሩ ሐኪም ግን ቃሉን ዘርግፎ አይሄድም። መጀመሪያ በር ይዘጋል፣ ይቀመጣል። "አባባ፣ ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነገረዎት?" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ "ውጤቱ መጥቷል። ሁሉንም ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ ልንገረው?" ይላል። "ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ሕክምናዬን ልከታተል" የሚሉ አሉ። ይህም መብታቸው ነው። ምርጫው የእሳቸው መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። አዎ ካሉ ቃሉን በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ፣ ግልጽ አድርጎ ይናገርና ዝም ይላል። ዝምታውን እናንተ በወሬ አትሙሉት። ካለቀሱ ያልቅሱ። ስለ መድኃኒቱ ዝርዝር በዚያ ቀን ብታወሩ አይሰሙም፤ ለእሱ ሌላ ቀጠሮ ይያዝ።

እናንተ አስቀድማችሁ ማድረግ የምትችሉት፣ የሚመርጡት ሰው አብሮ እንዲገኝ ማድረግ ነው። የንስሐ አባታቸው ሊሆን ይችላል፣ እህታቸው ልትሆን ትችላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ግን አይምጣ።

5. የት ደርሷል?

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃውን መለየት ነው። ከአንድ እስከ አራት ይቆጠራል። ለዚህ ነው ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን የሚታዘዘው። ሐኪሙ በሽታው ከተነሳበት ቦታ ወጥቶ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት መድረስ አለመድረሱን ያያል። ሲቲ ስካን ከመነሳታችሁ በፊት የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካለባችሁ ተናገሩ፤ የሚወጋው ማቅለሚያ ኩላሊት ላይ ሊከብድ ይችላል።

ደረጃ አራት ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። አንዳንድ የሊምፍ ካንሰሮች በዚያም ደረጃ ይድናሉ። ሌሎቹ ላይ ግን ግቡ ይለወጣል።

6. ዕቅዱን ጠይቁ

ዕቅዱ የአንድ ሐኪም ብቻ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ፣ ናሙናውን የሚመረምረው የፓቶሎጂ ባለሙያና የካንሰር ሐኪሙ መነጋገር አለባቸው። አንዳንዱ መጀመሪያ ኦፕራሲዮን ነው፣ አንዳንዱ ኬሞው ቀድሞ እጢውን ያሳንሳል። "ለምን ቶሎ አይወጣላትም?" ብላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሮጣችሁ ማስወጣት ነገሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ሐኪሙን ይህን ጠይቁት፦ ግቡ ማዳን ነው፣ ማቆየት ነው ወይስ ሕመምን ማስታገስ? ስንት ዙር ነው? በየስንት ቀኑ? እዚህ የማይገኘው የትኛው ነው? ስንት ይፈጃል? የመጨረሻውን ሳትጠይቁ አትውጡ። በሬ የሚሸጠው መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ነው። አንድ ዙር ገዝቶ ሁለተኛውን ማጣት፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም አብሮ ማጣት ነው። የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ አግኙ። መክፈል ለማይችል ሰው ከቀበሌ በሚመጣ ማስረጃ የነፃ ሕክምና መንገድ አለ። እድራችሁንም አማክሩ። እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው?

7. ከኬሞ በፊት

የደም ቆጠራ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ይታያል። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራል። ኬሞ የተኛ ሄፓታይተስን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ነው እንጂ ማንንም ለመጠርጠር አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ከታዘዘ ልብ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታያል። ቁመትና ክብደት ይለካል፤ መጠኑ የሚሰላው በዚያ ነው። ጫማና ጋቢ አውልቃችሁ ተመዘኑ።

ለመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁ፣ ስለ እርግዝና ከመጀመሩ በፊት አንሱ። በሕክምናው ጊዜ ማርገዝም ማስረገዝም አይገባም። ወደፊት ልጅ ማግኘት ላይ ችግር ሊኖር ይችል እንደሆነም ያኔ ነው የሚጠየቀው።

8. የኬሞው ቀን

ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ። ውኃ፣ ጋቢና ደረቅ ነገር ያዙ። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ክንዳችሁ ከተቃጠለ ወይም ካበጠ ወዲያው ነርሷን ጥሩ። "ሥራ በዝቶባታል" ብላችሁ አትቻሉት። አንዳንዱ ኬሞ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ያቆስላል።

ቀዩን መድኃኒት የወሰደ ሰው አንድ ሁለት ቀን ሽንቱ ይቀላል። ደም አይደለም። ለሁለት ቀን ያህል ሽንትና ትውከት የሚነካ አስታማሚ ጓንት ያድርግ፤ የተበላሸ ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ከዚህ ውጪ አብሮ መብላት፣ ማቀፍ፣ መሳም ችግር የለውም። ካንሰር አይተላለፍም።

9. ቤት ያሉት ሳምንታት

ብዙ ጊዜ አንድ ዙር 21 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከማስመለስ በፊት ዋጡ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብሉ። የዝንጅብል ሻይ የሚረዳቸው አሉ። አፍ ከቆሰለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ በቀን አራቴ ተጉመጥመጡ።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያ ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት ቀልድ አያውቅም። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግቡ። ፓራሲታሞል ውጣችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ትኩሳቱን ይደብቅና በሽታውን ይተወዋል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት" ይሁን። ጎንደር ሩቅ ከሆነባችሁ በቅርብ ያለው ሆስፒታል ገብታችሁ የኬሞ ካርዱን አሳዩ። አንቲባዮቲኩ እዚያው ይጀመር፤ ሪፈሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከተማ ዘመድ ያለው ሰው ያንን ሳምንት እዚያው ቢሰነብት እመርጣለሁ።

በእነዚህ ቀናት ጥሬ ሥጋ የለም። ያልፈላ ወተት የለም። በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ይቅር። እንቁላል ይቀቀል። የጠያቂ ነገርም አለ። መጠየቅ ባህላችን ነው፤ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። ይህን የሚናገረው ታካሚው ሳይሆን አስታማሚው ነው። እሱ ይወቀስ።

ፀጉር ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሊረግፍ ይችላል፣ ተመልሶ ይበቅላል። ቀድሞ ማሳጠር ይቀላል።

10. ጸበልና ጾም

ጸበል ሄዳችሁ እንደሆነ ከሐኪሙ አትደብቁ። ጸበልና ኬሞ አይጣሉም። የሚያጣላቸው ቀጠሮው ሲታለፍ ነው። "ሱባኤዬን ልጨርስና" ተብሎ ሁለት ወር ሲዘለል፣ የቀረው ካንሰር መልሶ ሊያድግ ይችላል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ባለው ሦስተኛው ሳምንት ሂዱ፤ ያኔ ደሙ ብዙውን ጊዜ አገግሟል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰው ወደታጨቀበት ቦታ አትሂዱ። ክፍት ቁስል ካለ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትጠመቁ። ቅጠልና ሥር ተጨቅጭቆ የሚጠጣው ግን አይቀላቀል። ጉበትና ኩላሊት የኬሞውን ሸክም ተሸክመዋል።

ጾሙን ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡት። ለሕመምተኛ እንደሚፈቅዱ አብዛኞቹ አባቶች ራሳቸው ይነግሯችኋል። ሙስሊም ታካሚዎችም በረመዳን ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ ያውቁታል። "እኔ ግን እጾማለሁ" ካለች እናታችሁን አትጨቅጭቋት። ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ሳይቀሩ በቀን ደጋግማ ትብላ። ውኃ ግን ሳትጠጣ አትዋል።

11. ጨረር ከታዘዘ

ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረር ተጨምረዋል። የት እንደምትላኩ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ወረፋ አለ፤ ሪፈሩ በተጻፈ ዕለት ተመዝገቡ። ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን ሆኖ ለሳምንታት ሊቀጥል ስለሚችል ከገንዘቡ እኩል ማረፊያ ያሳስባል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ የሚሰጠውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከማሽን ጨረር የተቀበለ ሰው ጨረር ይዞ ወደ ቤት አይመጣም። የልጅ ልጁን ያቅፍ።

12. ሕመሙን ንገሩት

በሽታው የማይድን ቢሆንም ሐኪሙ የሚሠራው አለ። ሕመም ከሁሉ በፊት ይታከማል። "ቻልኩት" የሚባል ጀግንነት እዚህ አይጠቅምም። ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ ተናገሩ። የሚጠጣ ሞርፊን ከታዘዘ በሰዓቱ ይወሰድ፤ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅ። ሞርፊን የሞት ምልክት አይደለም። ለሕመም በታዘዘው መጠን የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ይሆናል ተብሎ አይከለከልም። ሆድ ያደርቃል፤ አብሮ ማለስለሻ ይታዘዝ። በድንገት አታቁሙት።

በዚህ ጊዜ ቤት መሆን እንደሚፈልጉ ወይም ሆስፒታል እንደሚሻላቸው ታካሚውን ራሱን ጠይቁ። መልሱን እያወቃችሁ አምቡላንስ ላይ አትጫኗቸው።

13. ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ኬሞ የመጨረሻው ቀጠሮ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የታዘዘላት ሴት በየቀኑ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ትውጣለች። ብዙዎች የሚያቆሙት "አሁን ደህና ነኝ" ብለው ነው፤ ወይ መድኃኒቱ ፋርማሲ አልቆ። አንድ ወር ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

የጡት ካንሰር የነበረባት እናት ሴት ልጆችና እህቶች ለሐኪም ይታዩ። ከ30 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። ቤት ውስጥ 14 ዓመት የሞላት ልጅ ካለች፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ (ኤችፒቪ) ክትባት መውሰዷን ትምህርት ቤቷን ወይም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። ክላሰሩን አትጣሉት፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ስንት ዙር ቀይ መድኃኒት እንደተወሰደ ይጠይቃችኋል።